ስልኬ 1.72 ጊጋ ይላል፣ ካምፓኒው 2 ጊጋው አልቋል ይላል፤ የማንን ቆጣሪ ልመን?

ሳቢያን_04 | ማክሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እሑድ ጠዋት የሳምንት 2 ጊጋ ገዛሁ። ዛሬ ሥራ ላይ እያለሁ ጥቅሉ አለቀ የሚል መልእክት መጣ፤ መልእክቱን እስካየው ድረስ ደግሞ ከዋናው ሂሳብ 30 ምናምን ብር ተቆርጧል። የስልኬን ሴቲንግ ከፍቼ ከእሑድ ወዲህ ያለውን ሳይ 1.72 ጊጋ ነው የሚለው። ቀሪው የት ገባ?

መስመሩ 07 ይሁን 09 ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ከጻፍኩ ነገሩ እዚያው ላይ ጸብ ሆኖ ይቀርና ጥያቄዬ ሳይመለስ ያድራል።

አጠቃቀሜ ይሄ ነው፦ ቀን ቴሌግራም፣ ምሳ ሰዓት ቲክቶክ፣ ማታ ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር በኢሞ። ሥራዬ ድሬና ሐረማያ መመላለስ አለበት፤ መንገድ ላይም ዳታዬን አላጠፋም። መልስ የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የሚቆጥሩት ከየት ላይ ነው? ደግሞስ እንደኔ ላለ ሰው የቀን፣ የሳምንት ወይስ የወር ጥቅል ነው የሚያዋጣው?

ነምበርዋን_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2፡14

አቦ ሁሉም ሌባ ነው። ዝም ብለህ ሙላ።

ታይዋን_ጥገና | ማክሰኞ ማታ 2፡41

ወሪያ ነምበርዋን፣ ሌባ ማለት ቀላል ነው። ቀን ሙሉ ሱቄ የሚመጣው ሰው ይህንኑ ነው የሚለኝ። ግማሹ እውነት አለው፣ የግማሹን ግን የሚበላው የገዛ ስልኩ ነው።

ሳቢያን፣ መጀመሪያ የጊጋውን ልክ እንይ። 1 ጊጋ ሲባል አንዱ 1,000 ሜጋ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው 1,024። ከባይት ተነስተህ በየደረጃው ስታባዛው ልዩነቱ እያደገ ይሄድና ጊጋ ላይ 7.4 በመቶ ይደርሳል። የሸጠልህ በ1,000 እየቆጠረ ስልክህ በ1,024 የሚቆጥር ከሆነ፣ 2 ጊጋውን ጥርግ አድርገህ ጨርሰህ ስልክህ ላይ የሚታየው 1.86 ብቻ ነው። ማንም ሳይነካህ ማለት ነው። ስልኮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በአንዱ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አዲስ ጥቅል ግዛና ዳታህን ሳትከፍት ቀሪውን ጠይቅ። 1000 ሜጋ ብሎ ይመጣል ወይ 1024፣ ያኔ የነሱን ልክ ታውቀዋለህ። በ1.86 እና በ1.72 መካከል ያለው ግን በዚህም አይሸፈንም። እሱን ለሚያውቅ ልተው።

ፍሬሽ_ዲዲዩ | ማክሰኞ ማታ 3፡05

ሄደር ነው እሱ። ዳታ የሚሄደው በፓኬት ተቆራርጦ ነው፤ በእያንዳንዱ ፓኬት ራስጌ ላይ የአድራሻ መረጃ ይለጠፋል። ከ1,500 ባይት ፓኬት ውስጥ 40ው ባይት ሄደር ነው። ስልክህ ይዘቱን ብቻ ይቆጥራል፣ ካምፓኒው ሄደሩንም ጨምሮ። ባለፈው ሴሚስተር ተምረነዋል።

ደንገጎ_ሹፌር | ማክሰኞ ማታ 3፡20

የተማረ ይግደለኝ። እኔ የማውቀው የደንገጎን ዳገት ስወጣ ኔትወርኩ በየመታጠፊያው ሄድ መጣ እንደሚል ነው። የዚያን ቀን ጥቅሌ ሁልጊዜ ቶሎ ያልቃል። ድሬ ተቀምጬ ስውል እንደዚያ አይደለም።

የቀድሞ_ኔትወርከኛ | ማክሰኞ ማታ 4፡02

እዚህ ሥራ ውስጥ ስለነበርኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ፍሬሽ፣ የሄደሩ ስሌት ትክክል ነው፤ 40 ከ1,500 ወደ 2.7 በመቶ ይመጣል። ነገር ግን የስልኩ ሴቲንግ የሚያሳየው ቁጥር ሄደሩንም የጨመረ ነው፤ ሲስተሙ የሚቆጥረው ፓኬቱ ከስልኩ ሲወጣና ሲገባ ነውና። ሄደር የማይቆጥረው አፑ ውስጥ ያለው የራሱ ቆጣሪ ነው፤ ለምሳሌ ቴሌግራም ውስጥ ገብተህ የምታየው የዳታ አጠቃቀም። ስለዚህ የአፕን ቁጥር ከካምፓኒ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። በኢሞ ወይም በዋትሳፕ በድምፅ ብቻ ስትደውሉማ ይብሳል፤ ድምፁ በጣም ትንንሽ ፓኬት ሆኖ ስለሚሄድ የአድራሻው ክብደት ከድምፁ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ሳቢያን ጥያቄ። ብዙ ሰው የሚቆጠረው ታወሩ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። ከስልክህ የወጣው ዳታ በታወሩ በኩል አልፎ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት አንድ ማዕከላዊ በር አለ። በ3ጂ ጂጂኤስኤን፣ በ4ጂ ፒጂደብልዩ፣ በ5ጂ ዩፒኤፍ ይሉታል። ስሙ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ፓኬት እዚያ ይቆጥረዋል። የምትልከው ፎቶና ቪዲዮ፣ በቪዲዮ ስትደውል የሚሄደው የራስህ ምስል ሁሉ ከጥቅልህ ላይ ይነሳል። «እኔ ምንም አላወረድኩም» የሚል ሰው ስንት እንደሰቀለ አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ግቢ ውስጥ እንዳለ የውሃ ቆጣሪ አስበው። ቆጣሪው በሩ ላይ ነው፣ ስልክህ የሚቆጥረው ግን ባልዲው ውስጥ የገባውን ነው። መሃል ላይ ቧንቧው ቢያፈስ ሂሳቡ ያንተ ነው። ደንገጎ_ሹፌር ያልከው እዚህ ጋ ይመጣል። ፓኬቱ በሩን አልፎ ተቆጥሯል፣ ወደ ታወሩ ሄዷል፣ አንተ ግን መታጠፊያው ውስጥ ገብተህ ኔትወርክ አጣህ። ያልደረሰው ይጣላል። የላከው ሰርቨር መልስ ስላላገኘ እንደገና ይልካል፣ በሩ እንደገና ይቆጥራል። ስልክህ ግን ያየው አንዴ ነው። ታወሩና ስልክህ እርስ በርስ የሚደጋግሙት ከበሩ በታች የሚደረግ ስለሆነ አይቆጠርብህም፤ ኔትወርክ ደከም ሲል ባትሪ የሚበላው እሱ ነው።

ከዚህ ሌላ የሂሳብ ሲስተሙ አለ። በቅድመ ክፍያ መስመር ላይ በሩ በየባይቱ ሂሳብ አይጠይቅም። «ለዚህ ሰው ስንት ልፍቀድለት?» ብሎ ከጥቅልህ ቁራጭ ይወስዳል፤ ቁራጩ ሲያልቅ ወይም የተሰጠው ጊዜ ሲያበቃ የተጠቀምከውን አስታውቆ ሌላ ይወስዳል። ቀሪህን ስትጠይቅ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆይቶ በአንዴ ዘጭ የሚለው ለዚህ ነው። ጥቅልዎ አልቋል የሚለው አጭር መልእክት ደግሞ በሌላ መንገድ ተሰልፎ ስለሚመጣ ሊዘገይ ይችላል። መልእክቱ እስኪደርስህ ቪዲዮው መጫወቱን አላቆመም፤ ከዋናው ሂሳብ እየበላ ነው። ያንተ 30 ብር በዚህ መንገድ ሳይሄድ አይቀርም። መከላከያው ዋናው ሂሳብ ላይ ብዙ ብር አለማስቀመጥ ነው፤ ወይም ስልኩ ላይ ገደብ አስቀምጦ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ዳታውን ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ።

ሳቢያን_04 | ማክሰኞ ማታ 4፡30

እጅህ ይባረክ። ግን የመንገዱ ብቻ ይህን ያህል ያመጣል? ከ2 ጊጋ ላይ 14 በመቶ እኮ ነው።

የቀድሞ_ኔትወርከኛ | ማክሰኞ ማታ 4፡36

ብቻውን አያመጣም። በጥቂት በመቶ ቢሆን እቀበላለሁ። 14 ከሆነ ወይ የመለኪያ ልኩ ተለያይቷል፣ ወይ የምታወዳድራቸው ሁለት ቁጥሮች የአንድ ወቅት አይደሉም፣ ወይ ደግሞ አቤት የሚያስብል ነገር አለ። መጀመሪያ ታይዋን ያለውን ፈትን።

ጁገል_አምስት_በር | ረቡዕ ጠዋት 1፡50

ከሐረር ነኝ፣ ልግባ።

«የአንድ ወቅት አይደሉም» የተባለው ላይ ልጨምር። ብዙ ስልክ ካልነካችሁት ወር የሚለው ከፈረንጅ ወር 1ኛ ቀን ጀምሮ ነው፤ ጥቅላችሁ ግን የሚጀምረው ከገዛችሁበት ሰዓት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የቢሊንግ ሳይክሉን (ስልኩ ቆጠራ የሚጀምርበትን ቀን) ጥቅል በገዛችሁበት ቀን አስተካክሉት። ሰዓቱንም ልብ በሉ። መልእክቱ 23፡59 ድረስ ካለ የኛ ሌሊት 5፡59 ነው። 06፡00 ካለ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት እንጂ ማታ አይደለም። ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት ያልተጠቀሙበት ጥቅል እየተቃጠለባቸው ነው የኖሩት፣ በኛ ሰዓት አቆጣጠር እያነበቡት።

ሌላው ሁለት ሲም ነው። ድሬ ነሐሴ 2014 ላይ ሳፋሪኮም ከሁሉም ከተማ በፊት አገልግሎት የጀመረባት ስለሆነች እናንተ ጋ 07 እና 09 አብሮ የማይዝ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዳንድ ስልክ ላይ አንደኛው ሲም ሲደክም ዳታውን ወደ ሌላው በራሱ የሚያዛውር ምርጫ አለ። እኛ ደግሞ የሐረሪ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሳሎን ውስጥ አንዱ መስመር ሲጠፋ ስልኩ ሳይነግራችሁ በሌላው ይቀጥላል። አጥፉት። ሴቲንጉም የዳታ አጠቃቀምን በየሲሙ ነጥሎ ነው የሚያሳየው፤ የሁለተኛውን ሳያዩ «ስልኬ ይህን ይላል» ማለት አይቻልም።

አወያይ | ረቡዕ ጠዋት 2፡30

07 ይሻላል፣ 09 ይሻላል የሚሉ ሦስት መልሶች አጥፍቻለሁ። ለሱ ሌላ ቦታ አለ። እዚህ ቆጣሪው ላይ እንቆይ።

ባቡር_ጡረተኛ | ረቡዕ ጠዋት 3፡15

ልጆቼ ጤና ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን አነበብኩ፣ ግማሹ ገባኝ። እኔ የምጠቀመው ከልጅ ልጆቼ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ብቻ ነው። ጅቡቲና ካናዳ ናቸው። ጥቅል የሚሞላልኝ የጎረቤት ልጅ ሲሆን ሁልጊዜ አልቋል ይለኛል። ሌላ ምንም ሳልነካ እንዴት ያልቃል?

ታይዋን_ጥገና | ረቡዕ ጠዋት 3፡40

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ባይነኩትም ስልኩ ሥራ አይፈታም። ቴሌግራም ካለዎት በየግሩፑ የሚላከውን ቪዲዮና ፎቶ ሳይጠይቅዎት ያወርደዋል። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለውን ይክፈቱና በሞባይል ዳታ ሚዲያ በራሱ እንዲያወርድ የሚፈቅደውን ይዝጉት። ዋትሳፕም እንደዚሁ አለው። ፕሌይ ስቶር አፕ የሚያድሰው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። ፎቶ ወደ ጉግል የሚሰቅለውንም በሞባይል ዳታ እንዳይሠራ ይዝጉት፤ ዝም ብሎ ጊጋ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከተቸገሩ ታይዋን ገበያ ሱቄ ብቅ ይበሉ፣ ለዚህ ብር አልቀበልም።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ ሆትስፖት። ላፕቶፕ በስልካችሁ ካገናኛችሁ ኮምፒውተሩ ዋይፋይ ያገኘ ስለሚመስለው ዊንዶውሱን ማደስ ይጀምራል። ሴቲንጉ ላይ ያንን ዋይፋይ ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የሚቆጠርበት መስመር) አድርጉት። ርካሽ ስልክ የገዛችሁም ተጠንቀቁ። ሴኪዩር ዲ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያን ጨምሮ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ማልዌሮችን (ጎጂ ፕሮግራሞችን) ማግኘቱን አውጥቶ ነበር። ባለቤቱ ሳያውቅ አገልግሎት እየተመዘገበ ዳታና ካርድ የሚበላ ነው። ስልኩ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ሲከፈት ጀምሮ ያለ ነገር ስለነበር ሰውየው ምን ያድርግ? ሴቲንጉ ውስጥ የማታውቁት አፕ ብዙ ሜጋ ከበላ ይዛችሁ ኑ።

ባቡር_ጡረተኛ | ረቡዕ ጠዋት 4፡05

እግዜር ይስጥህ ልጄ። ነገ እመጣለሁ። መነጽሬን ይዤ።

ከዚራ_ሂሳብ | ረቡዕ ከሰዓት 10፡20

የሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልሞክረው። ሥራዬ ሂሳብ ነው።

ዋጋ ሲወዳደር ሰው ሁሉ «በጊጋ ስንት ይመጣል» ብሎ የጥቅሉን ዋጋ በጊጋው ያካፍላል። ማካፈል ያለብን በገዛነው ሳይሆን ሳይቃጠል በተጠቀምንበት ጊጋ ነው። የታሪፍ ቁጥር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የምሳሌ ቁጥር ልጠቀም። የሳምንቱ ጥቅል 5 ጊጋ በ100 ብር፣ የወሩ 14 ጊጋ በ300 ብር ነው እንበል። ወረቀት ላይ የሳምንቱ ይረክሳል፤ 20 ብር በጊጋ፣ የወሩ 21 ብር ከ43 ሳንቲም። አሁን በሳምንት 3 ጊጋ የሚጨርስ ሰው እንውሰድ። በሳምንቱ ጥቅል ለ3 ጊጋ 100 ብር ከፈለ፤ በጊጋ 33 ብር ሆነበት። በወሩ ጥቅል በ30 ቀን ወደ 12.9 ጊጋ ይጠቀማል፤ በጊጋ 23 ብር ገደማ። በወር ሲደመር የሳምንቱ 429 ብር፣ የወሩ 300። ርካሽ ያለው ተገላበጠ።

ነገሩ ደግሞ ሁልጊዜ ለወሩ አያደላም። ሥራው የተቆራረጠ ሰው አለ፤ ሁለት ቀን ከበድ አድርጎ ይጠቀምና ሳምንት ሙሉ አይነካውም። እሱን የቀን ጥቅል ነው የሚያዋጣው። ግቢ ያሉ ተማሪዎች ዋይፋይ ስላላቸው ከነሱ ብዙዎቹ ለወር መክፈላቸው አይገባኝም። ስለዚህ ሳቢያን፣ ጥቅል ከመምረጥህ በፊት የስልክህን ያለፈውን ወር ቁጥር እይና በሳምንት አካፍለው። ከሳምንት ሳምንት የሚቀራረብ ከሆነ የወር ግዛ።

ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ክፍፍልም አንብቡ። 10 ጊጋ ተብሎ 3ቱ የሌሊት፣ 2ቱ ለአንድ አፕ ብቻ የሆነ ጥቅል ሌሊት ለሚተኛ ሰው 5 ጊጋ ነው። ጉርሻ የሚባለውን እኔ ስሌት ውስጥ አላስገባውም። ሳያልቅ ካደሱ ቀሪው ይተላለፋል ወይ የሚለው ደግሞ ከዋጋው እኩል መታየት አለበት፤ የሚተላለፍ ከሆነ ትልቁን ጥቅል ሳትፈሩ መግዛት ትችላላችሁ። በ*999# ወይም በ*777# ገብታችሁ ስትገዙ ከዋጋው በታች ያለውን መስመር እስከ መጨረሻው አንብቡ። እኔ የማየው ሰው ሁሉ 1 ብሎ ይልክና ይጨርሳል።

ይቺን ደግሞ ለጨዋታ፦ የወር ጥቅል 30 ቀን ነው፣ ከኛ ወር ጋር ልክክ ይላል። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 12 ጥቅል ገዝቶ ነሐሴ 30 ላይ ያልቅበታል። ጳጉሜን ያለ ዳታ ነው የሚያሳልፈው።

ነምበርዋን_ልጅ | ረቡዕ ከሰዓት 10፡31

ሃሃ ጳጉሜን በርጫ ላይ የሰው ሆትስፖት ነው።

ፍሬሽ_ዲዲዩ | ረቡዕ ከሰዓት 11፡02

እህቴ ከዚራ፣ ግን 4ጂ ከ3ጂ የበለጠ ዳታ ይበላል የሚባለውስ? ዶርም ውስጥ ሁሌ ነው የምንከራከረው። አንድ ጓደኛችን ሆን ብሎ 3ጂ ላይ ያደርገዋል።

የቀድሞ_ኔትወርከኛ | ረቡዕ ማታ 1፡15

እኔ ልመልሰው። 1 ሜጋ ያው 1 ሜጋ ነው፣ በ3ጂም በ4ጂም። የሚለወጠው እናንተ በሰዓት ውስጥ የምትወስዱት ነው። ዩቲዩብና ቲክቶክ መንገዱ ሰፊ መሆኑን ሲያዩ ጥራቱን በራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ። ስሌቱን በእጃችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፣ ጥቅል የሚሸጠው በባይት፤ 8 ቢት 1 ባይት ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 3,600 ሜጋ ቢት፣ ማለትም 450 ሜጋ ባይት ይበላል። ጥራቱ ከፍ ብሎ 3 ሜጋ ቢት ከሆነ በሰዓት 1.35 ጊጋ። ያው ቪዲዮ፣ ያው አንድ ሰዓት። በትንሽ የስልክ ስክሪን ደግሞ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ዩቲዩብ ላይ ለሞባይል ኔትወርክ ዝቅተኛውን ጥራት ምረጡ፣ ቲክቶክም ዳታ ሴቨር አለው። ጓደኛችሁ 3ጂ ላይ ከሚሰቃይ ጥራቱን ይቀንስ።

ደቻቱ_ማዶ | ረቡዕ ማታ 1፡50

ቪፒኤንን (ዳታውን ሸፍኖ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈውን አፕ) ረሳችሁት። በ2015 ሶሻል ሚዲያ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ያላወረደ ሰው የለም፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ብዙው ሰው አላጠፋውም። ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት በሌላ ፓኬት ስለሚጠቀልለው መጠኑ ይጨምራል። ከሱ የሚብሰው ደግሞ ለአንድ አፕ ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ጥቅል ነው። ቪፒኤን በርቶ ከሆነ ካምፓኒው ቴሌግራም ይሁን ቲክቶክ ለይቶ ማየት አይችልም፤ የቴሌግራም ጥቅልህ እንዳለ ተቀምጦ የሚቆረጠው ከሌላው ነው። እኔ በዚህ ነገር ሰው ጋ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ከላይ የቁልፍ ምልክት መኖሩን ነው።

ሳቢያን_04 | ዓርብ ማታ 2፡25

ቆይቼ መጣሁ። የተባለውን ሞከርኩት።

አዲስ 1 ጊጋ ገዝቼ ዳታ ሳልከፍት ጠየቅኩ፤ 1024 ሜጋ ብሎ መጣ። ስለዚህ ታይዋን፣ ያልከው ስሌት በኔ መስመር ላይ አይሠራም። ቪፒኤን የለኝም፣ ሆትስፖት አልከፍትም፣ የሁለተኛው ሲም ዳታ ዝግ ነው፤ በየሲሙም አይቼዋለሁ። ከዚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሌላውን አፕ ሁሉ ዳታ ዘግቼ መጠኑ የሚታወቅ 100 ሜጋ ፋይል አወረድኩ። ስልኩ 104 ቆጠረ። ትንሽ ቆይቼ ቀሪዬን ስጠይቅ ከጥቅሉ የተነሳው 105 ነው።

የቀድሞ_ኔትወርከኛ | ዓርብ ማታ 2፡50

ጎሽ፣ ይሄ ነው ማስረጃ የሚባለው። ቁጭ ብለህ ስትጠቀም ሁለቱ ቆጣሪዎች በ1 በመቶ ብቻ ነው የሚለያዩት። 4ቱ ሜጋ ሄደሩና ስልክህ «ደረሰኝ» እያለ የሚመልሰው ነው። የስልክህም ልክ 1,024 መሆኑን ከዚሁ ታያለህ፤ በ1,000 ቢቆጥር ኖሮ ያው ፋይል 109 ገደማ ይታይህ ነበር። ስለዚህ ያ 14 በመቶ በተለመደ ነገር አይገለጽም። መንገዱ የተወሰነውን ይወስዳል፣ ቀሪውን ግን ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ስትሄድ «ዳታዬ ቶሎ አለቀ» ብለህ አትጀምር፤ ይህን በቀን መቶ ጊዜ ስለሚሰሙት የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ጥቅል የገዛህበትን መልእክትና ያለቀበትን መልእክት ሰዓታቸው እንዲታይ አድርገህ ስክሪንሾት ያዝ። የስልክህን የዕለት ከዕለት አጠቃቀም በየቀኑ ለይተህ ያዝ። ከዚያ የምትጠይቀው የእነዚያን ቀናት የዳታ ሴሽን ዝርዝር ነው፤ ስንት ሰዓት ተከፈተ፣ ስንት ሰዓት ተዘጋ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ። ሲስተማቸው ይህን ይመዘግባል። ከስልክህ ጋር የማይገጥመውን ቀን ካገኘህ ክርክሩ አንድ ቀን ላይ ብቻ ይሆናል።

ከዚራ_ሂሳብ | ዓርብ ማታ 3፡10

የአቤቱታ ቁጥርም ተቀበል። በስልክ ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700 ነው፤ ይህን መሰል ነገር ግን ቢሮ ሄዶ በጽሑፍ ማስገባቱ ይሻላል። መጀመሪያ ለራሱ ለካምፓኒው ነው የሚቀርበው። ካልመለሱልህ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ እሱ ሁለቱንም ይቆጣጠራል። ያለ አቤቱታ ቁጥርና ያለ ቀን ሄደህ ግን መጀመሪያ ወደ ካምፓኒው ሂድ ነው የሚሉህ።

ሳቢያን_04 | ሰኞ ከሰዓት 9፡40

ዛሬ ጠዋት አስገባሁ። መጀመሪያ ልጁ ቲክቶክ ነው ብሎ ሊመልሰኝ ነበር። የፋይሉን ውጤትና የየቀኑን ስክሪንሾት ሳሳየው ሌላ ሰው ጠራ። ቁጥር ሰጥተውኛል፤ ዝርዝሩን አጣርተን እንደውላለን አሉ። እስከዚያው የወር ጥቅል ገዝቻለሁ። በከዚራ ስሌት ሳየው በሳምንት ወደ 5 ጊጋ እየጨረስኩ ነው የኖርኩት፣ በየመሃሉ እየሞላሁ።

ጁገል_አምስት_በር | ሰኞ ማታ 1፡30

በሳምንት 5 ጊጋ ከሆነ ያልተገደበ የሚሉት አይሻልህም? እኔም እያሰብኩበት ነው፣ የገዛ ሰው ካለ ይንገረን።

ከዚራ_ሂሳብ | ሰኞ ማታ 1፡55

እኔ ገዝቼ አውቃለሁ። ውሉ ውስጥ የአጠቃቀም ገደብ የሚል አንቀጽ አለ፤ የተወሰነ ጊጋ ካለፍክ አይዘጋም፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። ያ መጠን ስንት እንደሆነና ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ስንት እንደሚሆን ሳትጠይቅ አትግዛ። ለቴሌግራም ጽሑፍ ይበቃል፣ ማታ ለቪዲዮ ጥሪ ግን እንጃ። በሳምንት 5 ጊጋ ማለት በወር 21 ጊጋ ተኩል አካባቢ ነው፤ እሱን የሚሸፍን ተራ የወር ጥቅል ካለ የሁለቱን ዋጋ አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ እየው። ሆትስፖት ይፈቅዳል ወይ የሚለውንም ጠይቅ።

ደንገጎ_ሹፌር | ሰኞ ማታ 2፡20

ሳቢያን ሲደውሉልህ የመንገዱን ቀን ለብቻው ጠይቅልኝ። እኔም ሐሙስ ዕለት ስመለስ ስክሪንሾቱን ይዤ እገባለሁ።